ከደንገጎ ቁልቁል፦ አንዲት የቲም ቤቷን ስትለምድ



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ይዤላችሁ የቀረብኩት የጉዞ ማስታወሻ ስለ አንዲት ከተማና ስለ አንዲት ሕፃን ነው። ከተማዋ ድሬዳዋ ናት። ሕፃኗ ደግሞ ታላቅ እህቴና ባለቤቷ ሊያሳድጓት የተቀበሏት፣ ያን ጊዜ አንድ ዓመት ከስምንት ወር የሆናት የቲም ናት። አድጋ ታሪኳን ለፈለገችው ሰው ራሷ እንድትናገር ስሟን እዚህ አልጽፈውም።

እህቴ ድሬዳዋ ከተዳረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። አላህ (ሱ.ወ) በጥበቡ ልጅ አልሰጣቸውም። ከብዙ ምክክርና ኢስቲኻራ በኋላ የቲም ለማሳደግ ወሰኑ። ሰነዱ ሁሉ ሲያልቅ እህቴ ደውላ፣ «መጥተሽ ለአንድ ወር ያህል አግዢኝ» አለችኝ። ሦስት ልጆች ስላሳደግሁ ስለ ሕፃናት የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ዕቃዬን ሸክፌ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ።

ከሐረር እስከ ድሬ

ሕፃኗን የተረከብነው ሐረር ከሚገኝ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። አባቷ ሳትወለድ፣ እናቷ ደግሞ ገና የስድስት ወር ሕፃን ሳለች ሞተዋል። የቀሯት አንዲት አቅመ ደካማ አያት ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም በሐረማያ ዙሪያ ገጠር ይኖራሉ። ሊያሳድጓት ሞክረው አልቻሉም።

ሞግዚቶቹ ተራ በተራ ሳሟት። እህቴ እጇን ስትዘረጋላት ያለ ምንም ማንገራገር መጣች። አላለቀሰችም፤ ዞር ብላም አላየችም። «ማሻአላህ! እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» አልን ሁላችንም። እህቴ በደስታ አነባች። ከመካከላችን ዝም ያለችው የማሳደጊያው ነርስ ብቻ ነበረች። መኪና ውስጥ ልንገባ ስንል ወደ እህቴ ጠጋ ብላ፣ «አለማልቀሷ አያስደስታችሁ። ሰው ሲመጣና ሲሄድ ማየት ለምዳ ነው። የለበሰችውንም ሹራብ ቶሎ አትጠቡባት። ስታለቅስላችሁ ያን ጊዜ ደውሉልኝ» አለቻት። አባባሏ አልገባንም፤ እንዲያውም ትንሽ ቅር አለን።

ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጫት ገበያዋ የምትታወቀውን አወዳይን በግርግሩ መካከል አልፈን ሐረማያ ደረስን። ለዓመታት ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውኃ ተመልሶበት አየነው። የእህቴ ባለቤት በመስኮት እያመለከተ፣ «አያትሽ ያሉት በዚያ በኩል ነው» አላት። ሕፃኗ ጣቱን እንጂ ያመለከተውን ቦታ አላየችም።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቁልቢ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሌላው ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ደንገጎ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ሲሆን ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በየጠመዝማዛው ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ላብ ሲያጠምቃት አይተን ሹራቧን ልናወልቅላት ሞከርን። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። ሹራቡን በሁለት እጇ ጨብጣ አልለቅም አለች። ከምታውቀው ዓለም ሁሉ አብሯት የወረደው ያ ሹራብ ብቻ መሆኑን ያስተዋልነው ቆይተን ነው።

ደጇ የማይዘጋ ከተማ

ድሬዳዋ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ስለሆነበት በቆላው በኩል መጥቶ በ1895 ዓ.ም እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም ነው። ዛሬ ባቡሩ በአዲሱ መስመር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። የድሮው ጣቢያ ግን በከዚራ፣ በዛፍ ጥላ በተሸፈኑት መንገዶች ጫፍ እንደ ቆመ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በዚያ ማዶ የቀፊራ ገበያ ያለባት መጋላ ትገኛለች። የእህቴ ቤት እዚያ ነው።

ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ ከየአቅጣጫው መጥቶ የሠራት ከተማ በመሆኗ ድሬ ባይተዋርን መቀበል ታውቅበታለች። የድሬ ልጅ በአንድ ንግግር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ቢቀላቅል የሚገረም የለም። በእህቴ ሰፈር የግቢ በር ሲመሽ ካልሆነ አይዘጋም፤ የመጣ ሰው «አስሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ይገባል።

ይህ መልካም ባሕርይ ግን በመጀመሪያው ቀን ችግር ላይ ጣለን። ከዐስር ሶላት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ መጣ። አንዷ ሐልዋ፣ አንዷ ሳምቡሳ፣ አንዷ የሕፃን ቀሚስ ይዛለች። ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። በሁሉም ጭን ላይ ተቀመጠች፤ ለሁሉም ሳቀች፤ ማንንም «እምቢ» አላለችም። «ሰው አትጠላም፣ አላህ ያሳድጋት!» እያሉ መረቁ።

ሌሊት ስነቃ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ፈጧል፤ ድምፅ ግን የለም። ትራሷን ሳስተካክል ከሥሩ ሁለት የሳምቡሳ ቁራጭና የደረቀ ዳቦ አገኘሁ። ለነገ ደብቃው ነበር። የቀን ሳቋ የመልመድ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ማን እንደሚቀርላት የማታውቅ ሕፃን ለሁሉም እኩል ትስቃለች።

ጫማውን ያላወለቀው ልጅ

በማግስቱ «አዴ» እያልን የምንጠራቸው አዛውንት ጎረቤት መጡ። ልጅቷን አልነኩም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከሩቅ ተመለከቷት። እኔም ትራስ ሥር ያገኘሁትን ነገርኳቸው።

አዴ የደቻቱን ጎርፍ ያስታውሳሉ። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ወንዙ በድንገት ሞልቶ ሰው በተኛበት ቤቶችን ጠረገ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። አዴ በዚያ ሌሊት ወላጆቹን ያጣ የአራት ዓመት ልጅ ወስደው አሳድገዋል።

«ጫማውን አድርጎ ነበር የሚተኛው» አሉን። «ውኃው እንደገና ሲመጣ ሊሮጥ ነው። እኔ ሲተኛ ላወልቅለት ስል ይነቃል። ስቆጣው ይብስበታል። በመጨረሻ ተውኩት። ስንት ወር እንደ ቆየ እንጃ። አንድ ማታ ራሱ አውልቆ ከኔ ጫማ አጠገብ አስቀመጠው። ያን ቀን ልጄ እንደሆነ አወቅሁ።»

ከዚያ ወደ እህቴ ዞረው፣ «ልጄ፣ ትናንት ስንት ሴት አቀፋት? ከዚያ ሁሉ ሰው እናቷ የትኛዋ እንደሆነች በምን ትወቅ? ለጥቂት ሳምንት ደጅሽን ዝጊ» አሏት።

ድሬ ላይ ደጅ ዝጉ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። እህቴ ቃሉን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ሰው ምን ይለኛል? ልጅ አገኘችና ኮራች አይሉኝም?» አለች። የባለቤቷ እናትም ቅር ተሰኙ። መላ ያመጣው ባለቤቷ ነው። ከግቢው በር ውጪ በዛፉ ጥላ ሥር ወንበሮች አወጣ። የሚመጣውን እንግዳ እዚያ እየተቀበለ ሻይ ያስቀርባል፤ የልጅቷን ደኅንነት ይነግራል፤ «ዱዓ አድርጉልን፣ ኢንሻአላህ ከወር በኋላ ቤታችሁ ነው» ብሎ ይሸኛል። መጀመሪያ አንዳንዶች አጉረመረሙ። ቆይቶ ግን ሰው ተረዳ። እንዲያውም የዛፉ ሥር ጨዋታ ስለ ደመቀ ሰው እየበዛ መጣ።

ውስጥ ደግሞ ሥርዓት አወጣን። የሚያበላት፣ የሚያጥባትና የሚያስተኛት ከእህቴና ከባለቤቷ በቀር ሌላ ሰው እንዳይሆን ተስማማን። እህቴ ቀኑን ሙሉ አዝላት ትውላለች። እኔ ወደ ማድ ቤትና ወደ ልብስ አጠባው ተዛወርኩ። ሕፃኗ እጇን ወደኔ ስትዘረጋ አንስቼ ለእህቴ እሰጣታለሁ። አክስት ሆኖ ልጅን አለማቀፍ እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ።

ትራሷ ሥር የምትደብቀውንም አልከለከልናትም። ይልቁንም እህቴ እጇ በሚደርስበት ቦታ ዳቦና ሙዝ የያዘ ትንሽ ሰፌድ አስቀመጠችላት። ባዶ ሲሆን በዓይኗ እያየች ትሞላላታለች።

ባሕር ማዶ የሄዱት ልጆቻችን

ከዛፉ ሥር እንግዶች አንዷ ለእረፍት ከውጭ የመጣች የሰፈሩ ተወላጅ ነበረች። ያደረግነውን ስትሰማ፣ «እኛ ያለንበት አገርም ሕፃን በጉዲፈቻ የሚወስዱ ሰዎችን የሚመክሯቸው ይህንኑ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንግዳ አታብዙ፣ ራሳችሁ ብቻ አብሏት ይላሉ» አለችን። ወሬው በዚህ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር ጉዲፈቻ ዞረ።

እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በነበሩት ሁለት አሥርተ ዓመታት ገደማ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከቻይና ቀጥሎ ለአሜሪካ ብዙ ሕፃናት የሰጠችው አገራችን ነበረች። ብዙዎቹ በፍቅር አድገዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ዘመድ ያላቸው ልጆች ዘመድ እንደሌላቸው ተደርገው የተሰጡበት ጊዜ መኖሩ ተጋለጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐና የተባለች ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ እጅ ተበድላ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በ2013 ተፈረደባቸው። ዴንማርክ በ2016 ከኢትዮጵያ ሕፃናትን መቀበል አቆመች። በመጨረሻም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ።

ብዙዎቻችን ያን ቀን ደስ ብሎናል። ደስታው ግን ጥያቄ ጥሎብን ሄዷል። እነዚያ ሕፃናት ወደ ማን ይሂዱ? በአገራችን የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ መሠረት ማሳደጊያ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ከዚያ በፊት የሥጋ ዘመድ፣ የአደራ ቤተሰብና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ መሞከር አለባቸው። «ጉዲፈቻ» የሚለው የሕግ ቃል ራሱ ከኦሮሞ ወገኖቻችን ባህል የተወሰደ ነው። «አደራ» የሚለው ቃል ደግሞ ለሙስሊም ጆሮ አዲስ አይደለም፤ «አማና» ነው። የውጭ አገር ሰው ሲወስዳቸው ያዘንን ሰዎች፣ ዛሬ ስንቶቻችን ደጃችንን ከፍተናል?

እጁን የያዘችው ሐበሻ

ማታ ማታ ሕፃኗ ስትተኛ ከእህቴ ጋር ሲራ እናነብ ነበር። ብዙ ጊዜ ያነበብነው ታሪክ በነዚያ ሌሊቶች አዲስ ሆነብን።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ገና ሳይወለዱ አባታቸው ሞተዋል። ጨቅላ ሳሉ ለሐሊማ ተሰጥተው በገጠር አደጉ። ወደ እናታቸው ወደ አሚና ተመለሱ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከመዲና ወደ መካ ሲመለሱ እናታቸው አብዋእ በተባለ ቦታ አረፉ። አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ወሰዷቸው፤ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው እርሳቸውም ሞቱ። ከዚያ ያሳደጓቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ናቸው። ታላቁ ነቢይ በስምንት ዓመት ዕድሜያቸው ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከአብዋእ እስከ መካ ድረስ የዚያን ሐዘንተኛ ሕፃን እጅ ይዛ የወሰደችው ማን ናት? በረካ፣ በኋላ ኡሙ አይመን የተባለችው ሐበሻዊት ናት (ረ.ዐ)። በዚያ በረሃ ምን እንዳለቻቸው፣ ሌሊት ሲነቁ እንዴት እንዳባበለቻቸው ሰው አልጻፈውም። የምናውቀው አለመለየቷን ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ እንደ እናት አከበሯት። የቲምን የሚንከባከብ ሰው በጀነት ለርሳቸው ያለውን ቅርበት ሁለት ጣቶቻቸውን አስጠግተው ሲያሳዩ፣ ስለሚያውቁት ነገር ነበር የሚናገሩት።

እህቴ መጽሐፉን አጥፋ፣ «ኡሙ አይመንም ከአገራችን ሰው ናት» አለች። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን።

ሦስተኛው ሳምንት

ሁሉም እንዲህ በመልካም ቢቀጥል ይህን ማስታወሻ መጻፍ ቀላል ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ግን ከበደ።

ድሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በሙቀቱ ምክንያት ታርፋለች። ሱቁ ይዘጋል፤ ባጃጁ እንኳ ይቀንሳል። ደጋ ያደገችው ሕፃን ግን አትተኛም። እህቴ ስታጎርሳት ፊቷን ታዞራለች። ባለቤቷ ሲመጣ ትስቃለች፤ እህቴን ግን ትገፋታለች፤ አንድ ቀን እጇን ነከሰቻት። ሌሊት አጎበሩን ትቀዳለች። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ አጎበር የሚተው ነገር አይደለም። በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ የሚራባ፣ ከውጭ የገባ የወባ ትንኝ በ2014 ዓ.ም በከተማዋ ወረርሽኝ አስነሥቶ ነበር። ስለዚህ በርሜሉን ሁሉ መክደን፣ አጎበሩን በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ መመለስ ነበረብን።

አንድ ቀን እህቴ ማድ ቤት ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እናት ለመሆን አልተፈጠርኩም። አትወደኝም። ብንመልሳት ይሻላት ይሆን?» አለች። መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ድካሟን እያየሁ እኔም በልቤ ያንኑ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ባለቤቷ ለፈጅር ሶላት ወጥቶ ሲመለስ፣ ቁጭ አለና በጣቱ ቆጠረ። «እናቷ፤ አያቷ፤ በማሳደጊያው ሦስት ሞግዚት ተቀያይረውባታል። አንቺ ስድስተኛ ነሽ። የምትገፋሽ ስለምትጠላሽ አይመስለኝም። አንቺም ትሄጂ እንደሆነ እየሞከረችሽ ነው። ከመለስናት ለሰባተኛዋ የሚተርፍ ልብ አይኖራትም» አላት። እህቴ ምንም አልመለሰችም። ተነሥታ አዘለቻት።

በማግስቱ ሌሊት እህቴ አጎበሩን ልትመልስ ስትነሣ፣ ሕፃኗ ቀሚሷን ያዘችና ቀስ ብላ፣ «ቢሻን» አለች። በኦሮምኛ ውኃ ማለት ነው። ቤታችን ከገባች ጀምሮ አንድም ነገር ጠይቃ አታውቅም ነበር።

ደስታችን ከኀፍረት ጋር ነበር። ቶሎ እንድትለምድ ብለን ሦስት ሳምንት ሙሉ በአማርኛ ብቻ ስናናግራት ቆይተናል። የእህቴ ባለቤት ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ነው፤ እህቴም ከገበያው ለምዳዋለች። ልጅቷ ግን በምታውቃቸው ጥቂት ቃላት የሚያናግራት ሰው አጥታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ በሁለቱም ቋንቋ ያወራ ጀመር። አዴም በረንዳው ላይ ሆነው የሐረርጌን እሹሩሩ አሰሙን። በሳምንቱ ትራሷን ሳነሣ ሥሩ ባዶ ነበር።

ስምና ወተት

በእነዚያ ቀናት ሁለት ጉዳዮች መወሰን ነበረባቸው።

የመጀመሪያው ስም ነው። አንዳንድ ወዳጆች «ሰው እንዳይጠይቃት በባለቤትሽ ስም አስጠሯት» ብለው መክረዋል። ምክሩ የመጣው ከርኅራኄ ነው። ነገር ግን በሱረቱል አሕዛብ 4ኛና 5ኛ አንቀጾች አላህ (ሱ.ወ) ልጆች በወለዷቸው አባቶች እንዲጠሩ፣ አባታቸው የማይታወቅ ከሆነም የሃይማኖት ወንድሞቻችን እንደሆኑ አሳውቆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደጉት ዘይድ (ረ.ዐ) «የሙሐመድ ልጅ» እየተባለ ይጠራ ነበር፤ አንቀጹ ሲወርድ «የሓሪሳህ ልጅ» ወደሚለው ስሙ ተመለሰ። ለርሱ የነበራቸው ፍቅር ግን አልቀነሰም። በ1992 ዓ.ም የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በቀጥታ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም፣ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ስለዚህ የአባቷ ስም ከርሷ ጋር ቀረ። ለዒድ ሐረማያ ወስደው ለአያቷ እንደሚያሳዩአትም እህቴና ባለቤቷ ተስማሙ።

ሁለተኛው የመሕረም ጉዳይ ነው። ሕፃኗ ስታድግ ለእህቴ ባለቤት ባዕድ እንዳትሆን የጡት ዝምድና ያስፈልጋል። ጊዜው ደግሞ እያለቀ ነበር። በአካባቢው በስፋት በሚሠራበት በሻፊዒ መዝሀብ ጥቢው ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ከአምስት ጊዜ ሳያንስ መሆን አለበት። የባለቤቷ እህት የምታጠባ ስለነበረች ዓሊም ጠየቅን። ወተቱ በአምስት የተለያየ ጊዜ ታልቦ፣ በአምስት የተለያየ ጊዜ በኩባያ ቢጠጣም እንደሚበቃ ነገሩን። እህቴ በራሷ እጅ አጠጣቻት። በዚህም ባለቤቷ የጡት አጎቷ ሆነ። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚገጥማችሁ ሁሉ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዓሊሞችን ጠይቁ። ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል።

የውርስም ነገር እንዲሁ ነው። በከፋላ ያደገ ልጅ በሸሪዓ ከአሳዳጊው አይወርስም። አሳዳጊው ግን በሕይወት እያለ ሊሰጠው፣ ከንብረቱም እስከ ሲሶ ድረስ በወሲያ ሊናዘዝለት ይችላል። ይህን ዛሬ ነገ ሳይሉ በጽሑፍ ማድረግ ይገባል።

ከዚህ ምን ተማርን?

የቲም ለማሳደግ ለምታስቡ ወንድሞችና እህቶች ያየነውን ባጭሩ ላስቀምጥ።

1. ሕፃኑ ዝም ቢልና ለሁሉም ቢስቅ ለምዷል አትበሉ።
2. የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያበላውና የሚያስተኛው አንድና ሁለት ሰው ብቻ ይሁን። ዘመድ በማድ ቤትና በገበያ ያግዝ።
3. የቀድሞ ልብሱን፣ የለመደውን ምግብና የሚያውቀውን ቋንቋ አትውሰዱበት። አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጨመር።
4. ምግብ ቢደብቅ፣ ቢገፋ፣ ቢነክስ አትቅጡት። የክትባት ካርዱን ይዛችሁ በቶሎ ሐኪም አሳዩት።
5. አሳዳጊዋ እናት ስትደክም የሚያግዛት እንጂ የሚወቅሳት ሰው አይኑር።

ስንብት

ወሬ ሞልቶ የመሄጃዬ ቀን ደረሰ። ንጋት ላይ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። እህቴ ሕፃኗን ለባለቤቷ ሰጥታ እስከ መንገዱ ልትሸኘኝ ወጣች። በሩን አልፈን አሥር እርምጃ ያህል እንደሄድን ከግቢው ውስጥ ጩኸት ተሰማ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚያች ሕፃን ሰምተን አናውቅም። ሰፈሩን አናወጠችው። ባለቤቷ ተሸክሟት ሲወጣ ሁለት እጇን ዘርግታ የምትጣራው ወደ እህቴ ነበር። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ።

እህቴ እየሮጠች ተመለሰች። እቅፏ ውስጥ ገብታ ትከሻዋን ጨምድዳ እንደያዘች ቀስ በቀስ ዝም አለች። እህቴ በሕፃኗ ራስ ላይ አሻግራ አየችኝና፣ «ለነርሷ ደውይላት» አለችኝ።

ከባጃጁ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። የደቻቱን አሸዋ እየተሻገርን ነበር። ነርሷ ድምፄን ስትሰማ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። «አለቀሰች?» አለችኝ። «አዎ፣ አለቀሰች» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

አላህ (ሱ.ወ) የቲሞቻችንን የሚጠብቁ እጆች ያብዛልን፤ አደራውን ለተቀበሉት ሁሉ ሶብር ይስጣቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።